መሬት የማትነካው ጣት

ዘንድሮ ለመስቀል የግቢያችን ሰዎች ቅርጫ ሲገቡ፣ የበሬው አራት እግሮች ከግንቡ ሥር ተጥለው አየሁ። የትኩስ ቆዳና የእርጥብ ጭቃ ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬን ሲመታኝ ባሕር ዳር መሆኔን ረሳሁና ልቤ ፎገራ፣ ከወረታ ወዲያ ርብ ወንዝ አጠገብ ወደነበረው የአባቴ ቤት ሄደ።

ያ ቤት ክረምት በገባ ቁጥር ደሴት ይሆናል። ርብ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብሰው ከብቱም ሰዉም ቤቱ በቆመባት ጉብታ ላይ ይታጎራል፤ ጥጃው ከምድጃው አጠገብ፣ ዶሮዎቹ ከቆጡ ላይ፣ እኛ በተረፈው። የላሞቹ ትንፋሽ ቤቱን ያሞቀዋል፤ ጭሱ፣ ሽንቱና የእርጥብ ጋቢው ሽታ ጉሮሮ ይይዛል። ብቻን መሳቅ እንኳ አይቻልም፤ አንዱ ከሳቀ ሌላው በምን ሳቅሽ ብሎ ያፋጥጣል።

በሃምሳዎቹ መጨረሻ ግድም፣ የአራተኛ ክፍል ፈተና ባለፍኩበት ክረምት፣ ወጣቱ አስተማሪዬ መምህር ታደለ ወረታ አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ አምስተኛን እንድቀጥል አባቴን ሊለምኑ በእግራቸው መጡ። አባባ ቄስ ነበሩ፤ ለሴት ልጅ ዳዊት መድገም ይበቃታል ባይ። ያን ዕለት ግን መምህሩ ለምነው ለምነው "እስቲ እናስብበት" አሰኟቸው። ከአባባ አፍ ይህ መውጣቱ ለእኔ ፈቀዱ ማለት ነበርና የምይዝ የምጨብጠውን አጣሁ። ሲመሽ ዝናቡ ወረደ፣ ርብ ሞላ፣ መምህር ታደለም ከእኛ ጋር ተከረቸሙ።

መዘዙ የመጣው ከጥጃው እግር ነው። ምድጃው ጥግ ተኝቶ እግሩን ሲዘረጋ፣ ከሰኮናው በላይ ከኋላ የተንጠለጠሉትን ሁለት ትናንሽ ጣቶች እየነካካሁ፣ መሬት ካልነኩ ምን ይሠራሉ ብዬ መምህሩን ጠየቅኋቸው። ሥራ መፍታቱ አንገሽግሿቸው ኖሮ ደስ ብሏቸው፣ የላም የጥንት አያቶች ብዙ ጣት እንደነበራቸው፣ በዘመን ብዛት ሁለቱ ሰኮና ሲሆኑ እነዚህኞቹ ሥራ አጥተው ወደ ላይ እንደቀሩ አስረዱኝ። አባባ ከመደባቸው ላይ ዳዊታቸውን ዘጉ።

"የላም አያት ላም ናት" አሉ። "እግዚአብሔር ትርፍ ነገር አይሠራም።"

መምህሩ የውሻን እግር፣ የፈረስን እግር፣ የሰውን እጅ እያነሱ የሁሉም አጥንት አቀማመጥ እንደሚመሳሰል ቢያስረዱ አባባ "ሠሪው አንድ ስለሆነ ነዋ!" ብለው አረፉት። "እርስዎ" ሲሏቸው የነበሩትን ሰው "አንተ" ማለት ጀመሩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ የተጣላ ሰው ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ ይወጣል፤ ውጪው ግን ውሃ ነው። ተኮራርፈው ከአንድ መሶብ ይበላሉ፣ ጀርባ ተሰጣጥተው በአንድ መደብ ይተኛሉ። እጅ ለእጅ በሚያገናኝ ቦታ ተቀምጠው መምህሩ ለአባባ ያሰቡትን ለእኔ ይነግሩኛል፤ አባባም መልሱን ለእኔው ይነግሩኛል። መተንፈሻ አጣሁ። አንዳቸውን ብደግፍ ሌላው ይከፋል፤ ወረታ የምሄደው ደግሞ አንዱ ከለመኑልኝ፣ ሌላው ከፈቀዱልኝ ነው።

ውሃው መጉደል ሲጀምር ላማችን ቦራ ከጉብታው ግርጌ ማጥ ውስጥ ገብታ ተያዘች። ሁላችንም ወርደን በገመድ ስንጎትታት ቆየን። በመጨረሻ እግሯን አንፈራጣ ስትረግጥ ትናንሾቹ ጣቶች ጭቃውን ቆንጥጠው ያዙላትና ወጣች። አባባ እስከ ጉልበታቸው በጭቃ ተለውሰው ዱካዋ ላይ ጎንበስ አሉ፤ አራቱም ጣት ታትሟል።

"ይኸውልህ፣ ሥራ አጣ ያልኸው ጣት!"

መምህሩ ዱካውን አተኩረው አዩት። "ሥራ እንዳለው አየሁ አባ፤ በዚህስ ተሳስቻለሁ። ግን መጥቀሙ ከየት እንደመጣ አይነግረንም።" ምነው እዚያ ላይ ዝም ባሉ እያልኩ ስንት ዘመን ተቃጥያለሁ።

አባባ ወደ እኔ ዞሩ። "አንችስ ምን ትያለሽ?"

ጭቃው እግሬን ይዞኛል። የአባባን ቃል ብደግም ወረታ እንደምሄድ አውቄአለሁ። ያየሁት ግን ግማሹን ብቻ ነበር።

"ትንሿ ጣት መርገጧን አየሁ አባባ። ከየት እንደመጣች ግን ገና አልተማርሁም።"

"አትማሪውምም" አሉ፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ።

መምህር ታደለ በማግስቱ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ጫማቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በውሃው መሐል ሄዱ። እኔ ጉብታው ላይ ቀረሁ። ተዳርኩ፣ ወለድኩ፣ ባሕር ዳር ገባሁ። አባባ አርፈዋል፤ ሜዳውም ዛሬ ሩዝ በሩዝ ሆኗል። በላም ትንፋሽ የሚሞቀው ያ ቤት ይናፍቀኛል፤ አባባም ይናፍቁኛል። ታስሬ የቀረሁት እዚያው ቤት፣ በእሳቸው ቃል መሆኑ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከግንቡ ሥር እንደቆምኩ የልጅ ልጄ መጣችና የበሬውን እግር በጫማዋ ጫፍ ገለበጠችው።

"እማማ፣ ይቺ መሬት የማትነካው ምን ትሠራለች?"

የቦራን ነገር አጫወትኳት። በጥሞና ሰማችኝና "እሺ፣ ከየትስ መጣች?" አለችኝ።

"ገና አልተማርሁም" አልኳት።

ቀልድ መስሏት ሳቀች።