በሩን የዘጋው ሰው

ሰፈርተኛው «ካፒቴን» ይለዋል እንጂ እሱ ስድስት ዓመት ሙሉ ያገለገለው ከመርከቧ ሆድ፣ ሞተር ክፍል ውስጥ ነው። ግራ ጆሮውም የደነቆረው እዚያው ነው። «ካፒቴንማ ላይ ነው የሚቆመው፤ እኔ ባሕሩን ያየሁት ልብሴን ሳሰጣ ነው» እያለ ያስቃቸዋል።

በጦርነቱ ሦስተኛ ዓመት መርከቧ ጎኗን ተመታች። ውሃው ሲገባ እሱ የብረቱ በር ጋ ደርሷል። አብሮ አደጉ ግን ገና ከውስጥ ነበር፤ ውሃው ወገቡ ደርሶ፣ እየተንገዳገደ ይመጣል። አዛዡ ከላይ በስልክ «ዝጋ» አለ።

«ሰው አለ ጌታዬ፤ አሥር እርምጃ ቢቀረው ነው።»

«እዚህም መቶ ሃያ ሰው አለ። ዝጋ ብያለሁ።»

ዘጋው። ጓደኛው ደርሶ በሩን በመፍቻ ደበደበ፤ ጥቂት ቆይቶ ተወ። መርከቧ ተረፈች። እሱም ሜዳልያ ተሸለመ።

ጦርነቱ ሲያበቃ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገብቶ ቦይለር ጠባቂ ሆነ። የሟቹ እናት ከእሱ ቤት ሁለት ቤት አለፍ ብለው፣ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሌላ ልጅ አልነበራቸውም።

«ልጄ እንዴት ሞተ?» አሉት።

«ተኝቶ ሳለ ነው እማማ። ምንም አላወቀም።»

ጣሪያቸውን ጠገነ፣ ውሃቸውን ቀዳ፣ ትዳር ሳይዝ ሸበተ። «እግዜር የተካልኝ ልጄ» እያሉ በመረቁት ቁጥር አንገቱን ይደፋል። እግራቸው ሲከዳቸው ቤቱ አምጥቶ አልጋውን ለቀቀላቸው፤ እሱ መሬት ተኛ።

አንድ ቀን ምሳ ሲያጎርሳቸው «አልተሠቃየም ባትለኝ ኖሮ ያኔውኑ ሞቼ ነበር» አሉት። ከዚህ በላይ መሸከም አቃተው። ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ተኝቶ አልነበረም እማማ። በሩን የዘጋሁበት እኔ ነኝ።»

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩት። «ጠራህ?»

«አዎ።»

«በስምህ?»

«በስሜ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከዚያ ወዲያ አላናገሩትም። ጎረቤት ያለችውን ልብስ ሰፊ «ከዚህ ቤት አውጪኝ» ብለው ለመኗት፤ እሷ ግን በአንዲት ክፍል ስድስት ልጅ የምታሳድግ ናት፣ የት ታስተኛቸው? መሄጃ አጡ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ከእጁ ጎረሱ። ሲያጥባቸው ጥርሳቸውን ይነክሳሉ። ልብስ ሰፊዋ ስትመጣ ያወራሉ፤ ኮቴው ሲሰማ ጸጥ ይላሉ።

«ይስደቡኝ እንኳ» ብሎ አንዴ ለመናቸው። እንደ ሬሳ ዝም አሉት።

አንድ ከሰዓት፣ እሱ ሥራ ላይ ሳለ አረፉ። ሲመለስ ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ጠብቃ መርዶውን ነገረችው።

«ሲሞቱ ምን አሉ?»

መሬት መሬት እያየች «አስከሬኔን እሱ እንዳይነካው» አለችው።

በቀብሩ ቀን ከሰው ርቆ ቆመ። ሳጥኑን የተሸከሙት ጎረምሶች በቅርብ የማያውቋቸው ነበሩ። «አየኸው?» አለ አንዱ ላቡን እየጠረገ፣ «ልጄ እያሉት ኖረው፣ ለአንድ ቀን ሬሳቸውን መሸከም ከበደው!»

ልብስ ሰፊዋ ሰማች። ከእሱ በቀር ኑዛዜውን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።