ከመዋጮ ነፃ የሚባል ይቁም
መርሳ መናኸሪያ ጀርባ ለማከራያቸው ሦስት ክፍሎች በየዓመቱ የቤትና ቦታ ግብር እከፍላለሁ። አንድም ዓመት ዘልዬ አላውቅም። አዲሱ የዱቄት ፋብሪካ ግን ለዓመታት ከዚህ ግብር ነፃ ነው ተባለ። አልተቀየምኩም፤ የአካባቢውን ልጆች ሊቀጥር ቃል ገብቶ ነው አሉ። የልጅ ልጄ ሁለት ጊዜ አመለከተች፣ ሁለቴም "ሞልቷል" ብለው መለሷት። እኔ ደግሞ ጧት ጧት ከሩቅ ከተማ በአውቶቡስ የሚመጡትን ሠራተኞች በዓይኔ አያለሁ።

የገባው ቃል ምን እንደሆነ ልጠይቅ ግብር ወደምንከፍልበት ቢሮ ሄድኩ። ወጣቱ ኃላፊ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና ፋይሉ የባለሀብቱ ምስጢር መሆኑን በትሕትና ነገረኝ።

እንዴት እንደሚፈጭ፣ ለማን እንደሚሸጥ ምስጢሩ ነው፤ ይያዘው አልኩት። እኛ የተውንለት ግብር ግን የእኛ ነው። ከዚያ የቅሬያችንን ወግ አወራሁት። ቅሬያችን እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀባበርበት ማኅበር ነው። ከመዋጮ ነፃ የሚሆን ሰው በሁሉ ፊት ይቆማል፤ ምክንያቱና እስከ መቼ እንደሆነ ይነገራል። እግሬ የተሰበረ ጊዜ እኔም በምርኩዝ ቆሜያለሁ። አፍሬ ነበር፤ ግን ከኋላዬ ያንሾካሾከ ሰው አልነበረም።

"የእናትህ ቅሬ በድብቅ ነፃ ያወጣል?" አልኩት።

ሳቁን ዋጠ። "ኧረ እማማ፣ የእኔ እናት ውርጌሳ ናት። እዚያማ ሰውየውን ያስለፈልፉታል።"

በጽሑፍ እንዳመለክት መከረኝ። አራተኛ ክፍል ድረስ በተማርኩት ፊደል ጻፍኩ፤ ቅሬው በሙሉ ፈረመበት።

ከሳምንታት በኋላ ፋብሪካው ከግብር ነፃ ሲባል ቃል የገባበት ወረቀት ቢሮው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። በጣቴ እየተከተልኩ ጮክ ብዬ ሳነብ ሰው ከበበኝ። ጎረቤቴ ከኋላ ሆና ቶሎ በይ፣ ፀሐይ ጨረሰን ትለኛለች። ከሠራተኞቹ ግማሾቹ የቀበሌያችን ልጆች እንዲሆኑ ይላል። በቀጣዩ ቅጥር የልጅ ልጄ ገባች። አሁን ማታ እስከ ቅንድቧ ነጭ ሆና ትመጣለች፤ ከእኔ ሽበት ጋር እናስተያያለን።

ባለፈው እሑድ ባለፋብሪካው ራሱ ቅሬያችን ሊመዘገብ መጣ።

"ምስጢሬን ያስለጠፉት አንቱ ነዎት?" አለኝ እየሳቀ።

ነኝ አልኩት። ለአዲስ ገቢ ከመዋጮ ነፃ የሚባል ነገር ይኖር እንደሆን ጠየቀኝ።

"አለ ልጄ፤ ግን ቆመህ ነው የምትጠይቀው።"

ዙሪያውን የተቀመጠውን ሰው አየ፤ ከዚያ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።