ጠጅቱና የአቶ አሥራት ጉርሻ

ሰበታ ላይ፣ በጅማ መንገድ ዳር ባሉት ሆቴሎች ውስጥ፣ ጉርሻ የሚባለው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው ጠቅለል ተደርጎ ከሰው እጅ ወደ ሰው አፍ የሚገባው ነው። ሁለተኛው እንግዳ በልቶ ሲነሣ ለአሳላፊዋ ብሎ ሳህን ሥር የሚተወው ሳንቲም ነው። ጎረቤቴ ጠጅቱ ገርባ በወይዘሮ ማሪቱ ሆቴል በሠራችባቸው ዓመታት የምትኖረው በሁለተኛው ነበር፤ መውጫ ያሳጣት ግን የመጀመሪያው ነው።

ጠጅቱ የመናገሻ ገበሬ ልጅ ናት። አራተኛ ክፍል እንደጨረሰች አባቷ ሞተ፤ እናቷ ቀድማ ሞታለች። አጎቷ መሬቱንም እሷንም ወረሰ ማለት ይቻላል። ትንሽ ቆይቶ ሚስቱ ለሞተችበት ጎረቤቱ ሊድራት ተስማማ።

“የሰውዬው የመጨረሻ ልጅ የእኔ እኩያ ነበር” ትላለች ጠጅቱ። “የሟቿ ቀሚስ ሰውዬው ቤት ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ አየሁትና፣ እንጨት ልለቅም ብዬ ወጣሁ። ሰበታ ገብቼ ቆምኩ።”

ወይዘሮ ማሪቱ ተቀበሏት። ውለታቸውን መካድ አይገባም፤ ዕለቱን አበሏት፣ ጫማ ሰጧት፣ ነጭ ሽርጥ አስታጠቋት። ከዚያ ሕጋቸውን ነገሯት። እሳቸው ቤት ደመወዝ የለም፤ “ደመወዛችሁ ጉርሻችሁ ነው፤ ፈገግታ ያልፈጠረባት በራብ ትለቅ።” የተሰጠውን መመለስ የለም፤ “የእንግዳን ጉርሻ መመለስ ፊቱ ላይ መትፋት ነው።” ሲመሽ የአጥሩ በር በእሳቸው ቁልፍ ይዘጋል። አሳላፊዎቹ፣ ጠጅቱና ገለቴ የምትባል የወሊሶ ልጅ፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ያድራሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ካልሆነ በቀር ከበር አይወጡም።

መጀመሪያ ላይ ሥራው አልከፋትም። ስሟ ራሱ ገበያ አመጣላት። ሾፌሮቹ “ጠጅቱ፣ ጠጅ አምጪ” ብለው በራሳቸው ቀልድ ይስቃሉ፤ እሷም “ጠጁ ስሜ ላይ አልቋል፣ ያለው ቢራ ነው” ትላቸዋለች። ማን እንደሚሰጥና ማን እንደማይሰጥም ቶሎ ለየች። የአውቶቡስ መንገደኛ አይሰጥም፤ ጥሎት እንዳይሄድ ዓይኑ ሾፌሩ ላይ ነው። እሁድ እሁድ ከአዲስ አበባ አየር ለመቀበል የሚመጡት፣ ከሚስታቸው ጋር ከሆኑ ይቆጥባሉ፤ ከሌላ ጋር ከሆኑ ይበትናሉ። የመናገሻን ጫካ አይተው የሚመለሱ ፈረንጆች ሳህን ሥር ደብቀው እንደ ሌባ ሹልክ ይላሉ። ክርክር ስላለባቸው ከፍርድ ቤት ደጅ የማይጠፉት አዛውንት፣ ኦቦ ባይሳ፣ አንድ ሻይ ይጠጡና ከኪሳቸው እፍኝ ቆሎ አውጥተው “ኢንተላ ኮ፣ ይኸው ጉርሻሽ” ይሏታል። ልጄ ማለታቸው ነው።

አቶ አሥራት የመጡት በዚህ ላይ ነው። የጭነት መኪናዎች አሏቸው፤ ጠጉራቸው ሸብቷል፤ ከባለቤታቸው ጋር ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ባለው ባለ ቆርቆሮ ግቢ ይኖራሉ። በመጡበት በመጀመሪያው ቀን የተዉት ጉርሻ፣ ጠጅቱ ሌላ ጊዜ በሳምንት ከምታገኘው ይበልጥ ነበር። ረስተውት መስሏት ተከትላቸው ሮጠች። “ያንቺ ነው” ብለው መኪናቸው ውስጥ ገቡ። በሁለተኛው ጊዜ ጨመሩበት። ከዚያ በኋላ ሌላ አሳላፊ ስትቀርብ “ጠጅቱ ካልመጣች አልበላም” ማለት ጀመሩ።

ገለቴ ሳቀችባት። “ሳህኑን ቀስ ብለሽ አንሺው” አለቻት፤ “ሥሩ ያለው ብር ብቻ አይደለም፣ ሰውዬው ራሳቸው ናቸው።”

“እኔ ምን አደረግሁ? ስጡኝ አላልኩ።”

“አልመለስሽማ።”

ነገሩ እውነት ነበር። መመለስ እንደማይቻል ደግሞ ሁለቱም ያውቃሉ። ጠጅቱ አንድ ቀን ደፍራ ያን የመሰለ ጉርሻ ጠረጴዛው ላይ ትታው ብትሄድ፣ ወይዘሮ ማሪቱ ራሳቸው አንሥተው ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተቱት። “ሾፌሮቻቸው ሁሉ የሚበሉት እዚህ ነው” አሏት በዝግታ። “አንቺ ተኩራርተሽ ቤቴን ልትዘጊ ነው?”

በዚያው ሰሞን ከከተማው ዳር የተከፈተው ክር ፋብሪካ ሴቶች ይቀጥራል ተባለ። ጠጅቱ ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ብላ ወጥታ ጠየቀች፤ ማንበብና መጻፍ ስለምትችል ሊወስዷት ፈቀዱ፤ ነገር ግን ዋስ አምጪ አሏት። ዋሱ ሰበታ ውስጥ ቤት ያለው ወይም የታወቀ ነጋዴ መሆን አለበት። ኦቦ ባይሳ “እኔ እሆንሻለሁ” ብለው አብረዋት ሄዱ፤ የፋብሪካው ጸሐፊ ግን የገጠር መሬት አይበቃም አላቸው፤ ክርክር ያለበት መሬትማ ጭራሹን። ወይዘሮ ማሪቱን ለመነቻቸው።

“እኔ ዋስ ሆኜሽ ውጪና፣ እንግዶቼን ማን ያስተናግድልኝ? ደግሞ የምን ፋብሪካ ነው? አቶ አሥራት ቤት እየፈለጉልሽ አይደለም እንዴ?”

ጠጅቱ ያን ጊዜ ነው የሰማችው። ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ሁለት ክፍል ተከራይተውላታል፤ አልጋ እንኳ ገብቷል። ከእሷ በቀር ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር። “እሺ ማለትሽን በሰው ፊት ማየት ነው የሚፈልጉት” አሏት ወይዘሮ ማሪቱ፣ ምክር እንደሚሰጥ ሰው። “ክብር የሚወዱ ሰው ናቸው። እምቢ ካልሽ ደግሞ ዕቃሽን ይዘሽ ወደ አጎትሽ።”

በአጎቷ ጎረቤት ግድግዳ ላይ ያ ቀሚስ አሁንም ተሰቅሎ ይሆናል። ወፍጮ ቤቱ አጠገብ አልጋው ተነጥፏል። እዚህ በሩ በቁልፍ ነው። ጠጅቱ ይህን ስታወራኝ እጇን በሦስት በኩል እየጠቆመች ነው፤ አራተኛውን ወገን ዝም ብላ ታልፈዋለች፣ የሚጠቆም ስላልነበረ።

የገበያ ቀን ነበር። ቤቱ ሞልቷል። አቶ አሥራት ከሾፌሮቻቸው ጋር ተቀምጠው ጥብስ አዘዙ። ጠጅቱ አቅርባ ልትመለስ ስትል፣ ትልቅ አድርገው ጠቀለሉና እጃቸውን ወደ አፏ ዘረጉ።

“ነይ፣ ይቺን ጉረሺ” አሉ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ።

ሾፌሮቹ መብላት አቆሙ። ወይዘሮ ማሪቱ ከባንኮኒው ቀና አሉ። ገለቴ ብርጭቆ ይዛ ቆመች። ባለ መኪናው በአደባባይ ያጎረሷት አሳላፊ የማን እንደምትሆን የማይገባው አንድም ሰው እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም። የተዘረጋ ጉርሻ ደግሞ አይመለስም፤ ይህ የወይዘሮ ማሪቱ ሕግ ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ነው። እጃቸው እዚያው አየር ላይ ቆየ።

ጠጅቱ ትሪውን መሬት አስቀመጠች። ተንበረከከች። እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛ ጎረሰች፤ አላምጣ እስክትውጥ ሁሉም ጠበቃት። ከዚያ ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን ሳመችና፣

“እግዜር ይስጥልኝ፣ አባቴ” አለች። “አባቴ ከሞተ ጀምሮ በአባት እጅ ጎርሼ አላውቅም ነበር። ከዛሬ ጀምሮ አባቴ እርስዎ ነዎት።”

ከበሩ አጠገብ ሻይ ይጠጡ የነበሩት ኦቦ ባይሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ብድግ አሉ። ምርቃት ጀመሩ፤ መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ ሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ። “አባት ያድርግህ፣ ልጅ ያድርግሽ፤ ያጎረሰ እጅ አይጥፋ፤ ልጅን በክፉ የሚያይ ዓይን ይታወር።” የገበያው ሰው በየምርቃቱ “አሜን” ይላል። ሾፌሮቹም ሳይወዱ አሜን አሉ።

“አቶ አሥራት” አሉ ኦቦ ባይሳ፤ “ምርቃት ላይ ዝም ይባላል እንዴ? አሜን በል እንጂ።”

አቶ አሥራት ቅባት የነካው እጃቸውን የሚያኖሩበት ጠፋቸው። “አሜን” አሉ በመጨረሻ፣ ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው። ኦቦ ባይሳ ነገሩ ገብቷቸው ይሁን ወይም ከልባቸው አምነውት፣ ጠጅቱ እስከ ዛሬ አላወቀችም።

ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለው አልጋ ወጣ፤ ክፍሎቹም ለሌላ ተከራይ ተሰጡ። ጠጅቱ ግን ነፃ የወጣች የመሰላት ለጥቂት ቀን ብቻ ነው። አቶ አሥራት ተመልሰው መጡ፤ በልተው ሲነሡ ሳህናቸው ሥር ምንም አልነበረም። “ለገዛ ልጅ ጉርሻ ይሰጣል?” አሉ ለሾፌሮቻቸው። ሾፌሮቹም ፈሩ፤ የጌታቸውን ልጅ ሳንቲም ወርውረውላት በኋላ ምን ሊባሉ ነው? ወሬው ሲዳረስ የከተማው ደንበኛ ሁሉ እጁን ሰበሰበ። “አባትሽ ሀብታም፣ ምን ጎሎሽ” እያሉ ያልፏታል። ከአዲስ አበባ የሚመጣውን እንግዳ ደግሞ ወይዘሮ ማሪቱ ለገለቴ ሰጡ። በዚያ ቤት ደመወዝ የለም። ሳሙና የምትገዛበት አጣች፤ ጫማዋ ሲቀደድ በሲባጎ አሰረችው።

“እኔ ሀብታም አባት ሳይኖረኝ ስንት ጉርሻ አለኝ” አለቻት ገለቴ፣ ከራሷ ሳሙና ግማሹን ቆርጣ እየሰጠቻት። “አንቺ ባለጠጋ አባት ይዘሽ ልታልቂ ነው።”

ጠጅቱ ታዲያ አባት ከሆኑ እንደ አባት ልለምናቸው ብላ ተነሣች። ብቻቸውን ባገኘቻቸው ቀን የፋብሪካውን ነገር ነገረቻቸውና ዋስ ይሁኑኝ አለች። አቶ አሥራት አዳመጧት። ያን የገበያ ቀን የጠፋው ፈገግታቸው ቀስ ብሎ ተመለሰ።

“ልጄ አይደለሽ?” አሉ። “የእኔ ልጅ ከወንድ ጋር ተጋፍታ ፈረቃ አትገባም። እኔ አባትሽ ከልክዬሻለሁ። እዚሁ ዓይኔ ሥር ሁኚ።”

ጠጅቱ እሳቸውን ያሰረችበትን ገመድ ጫፉን ይዘው ሲስቡት አየች። አባት የምትለው ቃል የራሷ ነበረች፤ መልሳ ልትውጣት አትችልም፣ ኦቦ ባይሳ መርቀውባታል፣ ገበያው አሜን ብሎባታል። ያን ወር ሙሉ ደንበኛ ባስተናገደች ቁጥር ባዶ ሳህን ታነሣለች። ገለቴ እንኳ መሳቋን ተወች።

አንድ እሁድ አቶ አሥራት ከአዲስ አበባ ሁለት የእንጨት ነጋዴዎች ይዘው መጡ። ትልቅ ውል ሊዋዋሉ ነው ተባለ። ጠጅቱ እጃቸውን አስታጠበች፤ ማዕዱን አቀረበች። ከዚያ ማስታጠቢያውን ለገለቴ ሰጥታ በራሷ እጅ ላይ ውሃ አስፈሰሰችና፣ ወንበር ስባ ከአቶ አሥራት አጠገብ ተቀመጠች።

“ምን ሆንሽ?” አሉ አቶ አሥራት።

“ምሳ ልበላ ነው፣ አባባ።”

እንግዶቹ ተያዩ። “አሥራት፣ ልጅ አለችህ እንዴ? ነግረኸን አታውቅም” አለ አንደኛው።

“አለችኝ” አሉ አቶ አሥራት፣ ሌላ የሚሉት ስላልነበረ።

“ፋብሪካ አትገቢም፣ ዓይኔ ሥር ሁኚ ብለውኛል” አለች ጠጅቱ፣ ድምጿን ሳትጨምር ሳትቀንስ። “እንግዲያው ቀለቤም ልብሴም እርስዎ ላይ ነው። እማማንም እስከ ዛሬ አለማወቄ ነውር ነው። ዕቃዬን ቋጥሬአለሁ፤ ዛሬ አብሬዎት ቤት እገባለሁ።”

የአቶ አሥራትን ባለቤት ሰበታ ያውቃቸዋል። በገበያ ሰው ፊት ባላቸውን ከመኪና አውርደው የወቀሱ ሴት ናቸው። ሰውዬው ፊታቸው ተለወጠ። “ተነሺ” አሏት ዝቅ ብለው።

ወይዘሮ ማሪቱ ከባንኮኒው ጠሯት። አልተነሣችም። በዚያች ሰዓት የሚያስወጧት ከሆነ የምትሄድበት አልነበራትም።

“ልጅን ከማዕድ ማስነሣት አለ እንዴ?” አለ ነጋዴው እየሳቀ። “ብይ፣ ልጄ።”

ጠጅቱ እጇን አልዘረጋችም። አቶ አሥራትን ብቻ ታያለች። እሳቸው እንግዶቹን አዩ፤ በሩን አዩ፤ የተቋጠረችውን ዕቃ ከወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ አዩ።

“ለፋብሪካው የሚፈረመው የት ነው?” አሉ።

“ነገ ጧት ከጸሐፊው ዘንድ።”

“በይ አሁን ብይና ተነሺ።”

በማግስቱ ፈረሙ። ወይዘሮ ማሪቱ ሽርጡን አስፈትተው ተቀበሏትና “ከዚህ የባሰ ታያለሽ” ብለው ሸኟት። ነገሩ ሁሉ አለቀ ማለት አይደለም። አቶ አሥራት በፈለጉ ጊዜ ዋስትናቸውን ማውረድ ይችላሉ፤ ስለዚህ ጠጅቱ በዓል በመጣ ቁጥር ከበራቸው ሄዳ “እንኳን አደረስዎ፣ አባባ” ትላለች፣ ባለቤታቸውም በጎሪጥ እያዩ ዳቦ ይሰጧታል። ፋብሪካውም ቢሆን ብናኙ ደረት ይይዛል፤ ቆማ ነው የምትውለው።

የመጀመሪያ ደመወዟን ልትቀበል የቆመች ዕለት፣ ተራዋ ሲደርስ እንደለመደችው ፈገግ ብላ፣ ጎንበስ ብላ፣ ሁለት እጇን ዘረጋች። ገንዘብ ያዡ ቀና ብሎ አላያትም። ስሟን ጠርቶ በመስኮቱ ገፋላትና “ቀጥሎ” አለ። ጠጅቱ ከመስኮቱ ፈቀቅ ብላ ትንሽ ቆመች፤ ሰውዬው ፈገግታዋን ሳያይ እንደከፈላት እርግጠኛ ለመሆን።