የቻይና ሻይ በጨው

አባቴ ሲናደድ አይቼው አላውቅም፤ የእሱንም ድርሻ የምናደድለት እኔ ነኝ። ደም ግፊት እንዳለበት ሲነገረው እንኳ «አልሐምዱሊላህ፣ ከዚህ የባሰም አለ» ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። ያሳደገን ቡታጅራ ገበያ በርበሬ እየነገደ ነው። ታላቅ ወንድሙ በዚሁ በሽታ እዚያው ገበያ ላይ፣ ጆንያ እየሰፋ ወድቆ በዚያው ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአባቴ እፈራለሁ። እሱ ግን ራሱን ካላመመው ደህና የሆነ ይመስለዋል፤ በሽታው ደግሞ እንደ ውሃ እያሳሳቀ የሚወስድ ነው።

ስለዚህ ከምሠራበት ከወልቂጤ እየደወልኩ ኪኒኑን ዋጥክ አልዋጥክ እያልኩ እጨቀጭቀዋለሁ። ዘንድሮ አንድ ቀን ደስ ብሎት «ኪኒኑንማ ተውኩት!» አለኝ። ለካ አንዲት ጎረቤታችን የቻይና ሻይ ሸጣለታለች። ደም ያጠራል፣ ግፊት ያወርዳል፣ ከዚህ ወዲያ ኪኒን ምን ያደርጋል ብላዋለች።

«ቅጠል እኮ ነው ልጄ። ቅጠል ማንን ገደለ?»

በማግስቱ ቡታጅራ ገባሁና እየጎተትኩ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ነርሷ ለካችው። የቁጥሩን ከፍታ አላምን ብላ ደግማ ለካችው።

«አባቴ፣ ምን እየወሰዱ ነው?» አለችው።

«የቻይና ሻይ።»

«እንዴት አድርገው ነው የሚጠጡት?»

«እንደ ሰው ነዋ! በጨውና በቅቤ።»

እኛ ቤት ቡና የሚጠጣው እንደዚያ ነው። እሱም ከቻይና ድረስ የመጣውን ቅጠል በጀበና እያፈላ፣ ጨው እየጨመረ፣ ቅቤ ጣል እያደረገበት ጠዋት ማታ ግፊቱን ሲቀልብ ከርሟል። ሳቄ አመለጠኝ። ወዲያው ደግሞ እንባዬ ቀደመኝና «ልትሞትብኝ ነው እንዴ?» ብዬ ሰው ሁሉ እያየ ጮህኩበት። ስለ ግፊቱ ሲነገረው ምንም ያልመሰለው ሰው ያኔ ደነገጠ።

ነርሷ አልሳቀችበትም፤ አልተቆጣችውም። ሐኪሙ ካየው በኋላ ኪኒኑን በዚያው ዕለት ጀመረ። ሻዩ ከመድኃኒቱ ጋር መስማማቱ እስኪታወቅ ይቆይ ተባለ። በእግሩ እንዲሄድ፣ ጎመኑን በጨው ፋንታ በነጭ ሽንኩርት እንዲያጣፍጥ መከረችው። ሽንኩርቱን ወደደው፤ አጠገቡ የምንቀመጠው እኛ ነን የተቸገርነው። ለክትትል በሄደ ቁጥር ግፊቱ ወረድ እያለ መጣ፤ እኔም እንቅልፌን መተኛት ጀመርኩ።

ባለፈው መስቃን ገጠር አክስቴን ልንጠይቅ ሄድን። አባቴ በዕድሜው የቀረበለትን ስኒ መልሶ አያውቅም፤ ነውር ነው። አክስቴ ጨው ያለበትን ቡና ልትቀዳለት ስትል ግን ስኒውን በመዳፉ ከደነው።

«ምነው ወንድሜ፣ ተቀየምከኝ?» አለችው።

«ወላሂ አልተቀየምኩም» አለ፣ ወደ እኔ እያየ። «እኔ በቁሜ ተለቅሶልኛል። ሁለተኛ ላስለቅስ?»