ፖይዝን ማለት መርዝ

ቆቦ የእንግሊዝኛ መምህር ሆኜ በገባሁበት ቀን ርዕሰ መምህሩ ጠመኔና ዳስተር እያቀበሉኝ፣ «ፈተናው ላይ የቃላት ትርጉም ይበዛል። አሸምድዳቸው፤ ሌላው ይደርሳል» አሉኝ።

አሸመደድኳቸው። እኔ እንግሊዝኛውን እጠራለሁ፣ ክፍሉ አማርኛውን ይመልሳል። «ዴንጀር!» «አደጋ!» «ፖይዝን!» «መርዝ!» ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ጎረቤት ክፍል ያሉት ያማርሩ ነበር። ውጤታቸው አማረ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ፋጡማን የሚያህል ግን አልነበረም። ቃሉን ጠርቼ ሳልጨርስ ትመልሳለች።

አንድ ቅዳሜ፣ የፋጡማ እናት መዲና ወልዳለች ሲሉኝ ከባለቤቴ ጋር አራስ ልንጠይቅ በዋጃ መንገድ ሄድን። ቤታቸው ሽንኩርት ማሳው ዳር ነው። ፋጡማ እንግዳ መጣ ብላ ተፍ ተፍ ትላለች። ትንሹ ወንድሟ ውሃ ጠማኝ ብሎ ሲያለቅስ ከአንዲት ነጭ ጀሪካን ቀዳችለት።

ጀሪካኗን ልብ ብዬ አየኋት። የሽንኩርት ፀረ ተባይ የነበረባት ናት። ያ በየቀኑ የምናስጮኸው ቃል በቀይ ተጽፎባታል። ኩባያውን ከልጁ እጅ መትቼ ጣልኩት።

«ምን ነካህ አንተ ሰውዬ!» አለች ባለቤቴ።

«ፋጡማ፣ እዚህ ላይ ያለውን አንብቢ።»

«ፖይዝን።»

«ትርጉሙስ?»

«መርዝ!» አለች፣ ልክ እንደ ክፍሉ ጮክ ብላ። ከዚያ ጀሪካኗን አየች፤ እኔን አየች። «ቲቸር… እሱ የፈተናው አይደለም እንዴ?»

ወይ ጉድ!

መዲና ከአልጋዋ ዘላ ተነሳች። «ያ አላህ! በአመድ አሽቼ፣ በፈላ ውሃ አጥቤ፣ ሽታው ለቆ እኮ ነው! ገና ዛሬ ጠዋት ነው የሞላንባት!» አለች። ሰነፍ ሴት አይደለችም። በእኛ አገር ጠንካራ ጀሪካን ማንም አይጥልም።

ልጁ አንድ ጉንጭ ውጦ ነበር። ከመዲና ጋር በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስነው። ሲከታተሉት ውለው፣ «አብሽሩ፣ ተርፏል» ሲሉን በሩ ላይ ቁጭ አልኩ። መዲና ልጇን አቅፋ ታለቅሳለች።

ሰኞ ክፍል ገብቼ ቃሉን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፤ ማንንም አላስጮህኩም። «ይህ ቃል በተጻፈበት ዕቃ ቤታችሁ ውሃ ወይም ዘይት የምታስቀምጡ እነማን ናችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ።

ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። ቀጥሎ የመስኮቱ ረድፍ በሙሉ እጁን አወጣ።

ወጣት መምህራን፣ ቃል ስታስተምሩ ቃሉ የተጻፈበትን ዕቃ አሳዩ።