የሐሙስ ገበያ ፈተና

ልጄ ከአዲስ አበባ የመጣው መኪናዬን ሊያሸጠኝ ነበር። በስልክ ሁለት ጊዜ ጠይቆኝ ዝም ስላልኩት በአካል መጣ። ገዢም አግኝቶ ኖሯል፤ ሰውየው ቅዳሜ ሊያያት ይመጣል አለኝ። ምክንያቱ ግራ ጉልበቴ ነው። ባለፈው ክረምት አብጦ ነበር፤ ፍሪሲዮን ደግሞ የሚረገጠው በግራ እግር ነው።

«አውቶማቲክ እገዛልሻለሁ፤ በአንድ እግር ብቻ ትነጂያለሽ» አለኝ።

«ሌላው እግሬ ምን ሊሠራ ነው?» አልኩት።

የራሱን አውቶማቲክ ደጃፌ ላይ አቁሞ አንድ በአንድ አሳየኝ። ከኋላ ያለውን የሚያሳይ ካሜራ አላት፤ እሱን ወድጄዋለሁ፣ አልነገርኩትም እንጂ። መቀመጫዋ ይሞቃል፤ ለጅማ ምን እንደሚያደርግ አልገባኝም። የእጅ ፍሬኗ በጣት የሚነካ ትንሽ ቁልፍ ነው። የእኔው ወደ ላይ የሚሳብ ዘንግ ነው፤ ስስበው ክር ክር ክር ይላል፣ መያዙን እጄ ያውቃል። ከመኪናዬ ሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው። ከእሱ ቀጥሎ በእጅ የሚዞረውን መስኮት እወዳለሁ። ዝናብ ሲመጣ ሁለት ጣት ያህል ከፈት አደርገዋለሁ፤ መስታወቱ ጉም አይዝም።

መንዳት ያስተማረኝ ባለቤቴ ነው፣ አላህ ይዘንለትና። ከአጋሮና ከሊሙ ቡና ወደ ጅማ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። የቡናው ወራት ሲያልፍ ባዶ በሚሆነው ማስጫ ሜዳ ላይ ነው ያለማመደኝ። ብዙ አይናገርም፤ አጥብቆ የሚይዘው ግን አንድ ሕግ ነበረው። የጭነት መኪና ዳገት ላይ ሲቆም ከጎማው ኋላ ድንጋይ ይደረጋል፤ ታኮ ይባላል። ታኮውን መንገድ ላይ ጥሎ የሄደ ሰው፣ እሱ ዘንድ ሹፌር አይባልም። ሌላው በጭጋግ መጥቶ ይወጣበታላ።

ከልጄ ጋር እንዲህ ተስማማን። ሐሙስ፣ በገበያው ቀን፣ ከሰፈሬ ከቦሳ ኪቶ ተነሥቼ ሄርማታ ገበያ ደርሼ እመለሳለሁ። እሱ አጠገቤ ይቀመጣል። ሞተሩ አንዴ እንኳ ከጠፋብኝ መኪናዋ ትሸጣለች። ካልጠፋብኝ ገዢው አይመጣም።

ሐሙስ ቀን ሄርማታ ጋሪው፣ ባጃጁ፣ ሙዝ የተሸከመው፣ መሀል መንገድ ቆሞ ሰው የሚጭነው ሚኒባስ አንድ ላይ ነው። ከሁለተኛ ማርሽ በላይ የሚያስገባ የለም። ሥራው ሁሉ የፍሪሲዮን ነው፤ ቀስ ብሎ ለቀቅ፣ መልሶ ረገጥ። ጉልበቴ እዚያው እንዳለ አስታወሰኝ። ልጄ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ጆሮውን ለሞተሩ ሰጠ።

አንድ ባለባጃጅ በመስኮቴ በኩል ተጠጋ። «ሃዳ ኮ፣ እናቴ፣ ወጣት ልጅ አስቀምጠው እርስዎ ይነዳሉ?»

«ፈታኜ ነው» አልኩት።

«ወይኔ! አይዞዎት፣ እኔም ያለፍኩት ሦስት ጊዜ ወድቄ ነው» አለና የባጃጁን አፍንጫ አስገብቶ ቀደመኝ።

ደርሰን ስንመለስ፣ ከገበያው በሚያወጣው ትንሽ ዳገት ላይ ከፊቴ ያለው ሚኒባስ ቆመ። የእጅ ፍሬኔን ስቤ ጠበቅኩ። ሱቅ በር ላይ ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ከሻሼ ሥር የወጣውን ሽበቴን አይተው መሰለኝ፣ ብድግ ብለው ድንጋይ አመጡና ከኋላ ጎማዬ ሥር ወሸቁት።

«አይፍሩ፣ ይዤልዎታለሁ!» አሉኝ። አመሰገንኳቸው። ልጄ ሳቁን መያዝ አቃተው።

ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ እኔም ተነሣሁ፤ አንድ ጣት ወደ ኋላ አልተንሸራተትኩም። በስፖኪዮ ሳይ ግን ድንጋዩ መንገድ ላይ ቀርቷል። ሽማግሌው ሱቃቸው ገብተዋል። አንድ ባጃጅ ለጥቂት ሳተው። የእጅ ፍሬኔን ስቤ ቆምኩ።

«ምነው እማ?»

«ውረድና ታኮውን አንሣ።»

«እኛ አላስቀመጥነውም! ደግሞ እኔ ፈታኝ ነኝ።»

«የተቀመጠው ለእኔ ጎማ ነው። ፈታኝም እግር አለው፣ ያውም ሁለት ደህና እግር።»

ወረደ። ከኋላዬ ክላክሱ ተጀመረ። አንዱ «እማማ፣ እዚሁ ሊያድሩ ነው?» አለ። ዳር ልይዝላቸው ብዬ አንደኛ ማርሽ አስገባሁ። ዓይኔ ግን ስፖኪዮው ላይ፣ ድንጋይ ታቅፎ ከኋላዬ በቆመው ልጄ ላይ ነበር። የእጅ ፍሬኑን ሳላወርድ ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩት። መኪናዋ አንዴ ተንገጫግጫ ሞተሩ ጠፋ።

ወዲያው አስነሣሁት። ልጄ ድንጋዩን ቦይ ዳር ጥሎ እጁን እያራገፈ ገባ፤ ምንም አላለም። በክላክሱ መሀል ያልሰማ መሰለኝ። ዝም ካልኩ መኪናዋ የእኔ ናት። እስከ መንደራ ቆጪ ዝም አልኩ። እዚያ ባጃጆቹ መንገዱን ዘግተው ሲያቆሙን መናገሩ ይሻላል ብዬ ወሰንኩ።

«አንዴ ጠፍቶብኛል። አንተ ስትወርድ» አልኩት።

«ሰምቻለሁ። ከኋላሽ ቆሜ ነበር እኮ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ትናገሪ እንደሆነ ልይ ብዬ» አለ። «እኔን የሚያሰጋኝ መጥፋቱ አልነበረም፤ ዳገት ላይ እግርሽ ከድቶሽ ወደ ኋላ እንዳትመለሺ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ድንጋይ ይዤ ከኋላሽ ነበርኩ። መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም።»

«የእጅ ፍሬኑን ማውረድ ረስቼ ነው። ስህተት ነው።»

«እንዲህ ያለውን ስህተት ደጋግሚው» አለ።

ስምምነቱ ግን ስምምነት ነው ብዬ ቤት ስንደርስ ቁልፉን ሰጠሁት። ይዞት በረንዳ ወጣና ደወለ። «ይቅርታ፣ ሐሳብ ቀይረናል… አይ፣ ዋጋው አይደለም… እናቴ ትፈልጋታለች» ሲል በመስኮት ሰማሁ። ቁልፉን ሲመልስልኝ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ ሐሙስ ሐሙስ እንዳልነዳ። አልተከራከርኩትም፤ ጉልበቴ ከእኔ በፊት ተስማምቶ ነበር።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ገበያ የምሄደው በባጃጅ ነው። የሚወስደኝ ሰው ጨዋ ነው፤ ዘንቢሌን አንሥቶ ያስገባልኛል፣ ቦታ ያሰፋልኛል። ፍሪሲዮን አለቃቀቁ ግን ጥሩ አይደለም፤ በተነሣ ቁጥር ከመቀመጫዬ ያነጥረኛል። እስካሁን ምንም አላልኩትም።