በጋሽ ታዬ ጀርባ ላይ የተበተነ አጃ

«ጠባቂ አልጠየቅሁም» አሉ ጋሽ ታዬ በእንግሊዝኛ፣ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀስረው። «ማሳዬ ውስጥ ብቻዬን ነው የምገባው።»

ኃላፊያችን ሄለን ከአሁን በኋላ ማንም ብቻውን እንደማይገባ ደገመችላቸው። ባለፈው ዓመት አንድ ሠራተኛ ጭኑን በአጋዘን ቀንድ ተወግቶ ነበር። እኔ ከስቶክዌል ባቡር ቀያይሬ የመጣሁ የመጀመሪያ ቀን ሠራተኛ ነኝ። የመሣሪያ ቤቱ በር ላይ ሆኜ የተሰጠኝን አዲስ ቦት ጫማ ክር አስር ነበር።

ሥራችን በለንደን ደቡባዊ ጫፍ ባለ አንድ የግል ፓርክ ውስጥ ለአጋዘኖች የብርዱን ወራት መኖ መዝራት ነው። መኖ ሲያጡ አጥር ዘለው አውራ መንገድ ላይ ይወጣሉ። ጋሽ ታዬ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከአገር ወጥተው እዚህ ሥራ ላይ ያረጁ ሰው ናቸው። ሄለን ስትወጣ ወደ አማርኛ ዞሩ።

«ግጥም ይጽፋል አሉኝ። እዚህ አፍህን ዝጋና እጅህን ክፈት።»

እጅ መክፈቱን አስተማሩኝ። ተርኒፕ የሚሉት የመኖ ሥራ ሥር ዘሩ ከሰናፍጭ ፍሬ አይበልጥም፤ እንዲሁ ከበተኑት አንድ ቦታ ይከመራል። ስለዚህ ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለን እንበትንና በመዳመጫ ብቻ እንጫነዋለን። አጃው ጠለቅ ብሎ ይቀበራል። ማሳው መሐል አጋዘን የማይገባበት የሽቦ ቀፎ እንተክላለን። የቀፎው ውስጥና የውጭው ቁመት ሲተያይ ምን ያህል እንደተበላ ይታወቃል።

ቡቃያው ሲያድግ ፍርሃቴም አደገ። ኦክቶበር ሲገባ ወንዶቹ አጋዘኖች በሴት ይጣላሉ። ጩኸታቸው ጥርስ ያነቃንቃል። ሲጮኹ እኔ እደነግጣለሁ፤ ጋሽ ታዬ ቀናም አይሉም። ድፍረት መሰለኝ።

ድፍረት እንዳልሆነ የነገረኝ የትራክተሩ ሹፌር ኑሩ ነው፣ የለንደኑ የዋይት ሲቲ ሰፈር ልጅ። ስልክ ሲደወልላቸው ሁልጊዜ ባትሪ አልቋል እንደሚሉ፣ ሰው ሲያወራቸው አፍ አፉን እንደሚያዩ አስታወሰኝ። ለሄለን ለምን እንዳልተናገረ ጠየቅሁት።

«ነገውኑ ከማሳው አውጥታ ግሪንሃውስ ውስጥ አበባ ውሃ እንዲያጠጡ ታደርጋቸዋለች። ይሞቱብሃል። ከፈለግህ አንተ ንገራት።»

አባቴን የሚያክሉ ሰው ፊት ቆሞ ጆሮዎ አይሰማም የሚል አፍ እኔም ኑሩም አልነበረንም። ስለዚህ ጆሮ ሆንኩላቸው። ጩኸቱን በሰማሁ ቁጥር አሸዋ አለቀ፣ ዝናብ መጣ እያልኩ ከማሳው አወጣቸዋለሁ። አልጋዬ ውስጥ ሆኜ እንኳ አዳምጥ ነበር።

አንድ ጠዋት የሳሳውን አጃ ደግመን ልንዘራ ገባን። ጋሽ ታዬ ቀፎው ላይ አጎንብሰው ቁመት ይለካሉ፤ እኔ ከኋላቸው ጥቂት እርምጃ ርቄ የዘር ከረጢት ይዣለሁ። አንድ ባለ ቀንድ አጋዘን ከዛፎቹ መሐል ወጣ። ጮኸ። ትንፋሹ ብርዱ ላይ ሲጨስ አየሁት። እኔም ጮህኩ። እሳቸው ሜትራቸውን ዘረጉ። አጋዘኑ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ወደ እሳቸው ተራመደ። ደግሜ ጮህኩ፤ ድምፄ ተሰበረ። ከሮጥኩ እሱም እንደሚሮጥ ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። እጄን ከረጢቱ ውስጥ ከትቼ በእፍኝ ሙሉ አጃ ጀርባቸውን መታሁ።

«ዘር ታባክናለህ?» ብለው ዞሩ። ፊቴን አዩ። ከዚያ እኔ የማየውን አዩ። ጀርባችንን ሳንሰጠው፣ ወደ ኋላ እየረገጥን ትራክተሩ ጋ ደረስን።

መሣሪያ ቤት ስንገባ ሄለን ሪፖርት ልታደርግ አጋዘኑን ማን ቀድሞ እንዳየው ጠየቀች። ኑሩ የትራክተሩን ቁልፍ ሊሰቅል ዞረ። ጋሽ ታዬ ከኮሌታቸው አጃ እየለቀሙ በአማርኛ ጠየቁኝ።

«ጮኸሃል?»

«ጮኼያለሁ፣ ጋሼ።»

«እሱስ?»

«እሱም ጮኋል። ወሩን ሙሉ ሲጮኹ ነው የከረሙት።»

ከንፈሬን ሲያዩ ቆዩ።

«እኔ እኮ ዘንድሮ ዝም ያሉ መስሎኝ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈው፣ ዛሬ አዲስ ሠራተኛ ማሳ የማስገባው እኔ ነኝ። ጆሮው የደከመ ሰው ወንዶቹ በሚጣሉበት ወር ማሳ አይገባም። ይህን የሚነግረው አብሮት የሚዘራው ሰው ነው።

ያን ቀን ጋሽ ታዬ የማሳውን በር ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። እንደማይሰሙ ለሄለን ራሳቸው ነገሯት። ከዚያ ሳያዩኝ፣ «ቀፎውን ወደ ተርኒፑ አዙረው» ብለውኝ ወጡ። በሩን በቀስታ የዘጉት መስሏቸው ይሆናል፤ መስኮቱ ድረስ ተንቀጠቀጠ።